ሃምሳ ሜትር ውሃ

ሰኞ

ልጁ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አላወቅሁትም፤ ጸጉሩን ላጭተውት ጆሮው ብቻ ቀርቷል። እኔ ግን በመናኸሪያው ሰው ሁሉ ፊት «መኮንኑ ደረሰ፣ መንገድ ልቀቁ» ብዬ ሻንጣውን ተሸክሜ ከፊት ከፊቱ ሄድኩ። ምንተስኖት አንገቱን ደፍቶ ተከተለኝ። ድካም ነው አልኩ።

ቤት እንደገባን ውጤቱን ጠየቅሁት። ሒሳብ አልፏል። ፊዚክስ አልፏል። ካርታ ንባብ ከክፍሉ ሁለተኛ ነው። እንግሊዝኛ ደህና። ወታደራዊ ታሪክ ደህና። ከዚያ ወደ ሰውነት ማጎልመሻው ገባ። ሩጫ አልፏል፣ ገመድ መውጣት አልፏል፣ ግድግዳ መዝለል አልፏል። እኔ በየአንዱ ጭኔን እየመታሁ «የማን ልጅ ነው!» እላለሁ።

«ዋና ወደቅሁ» አለ።

ሳቅሁ። ቀልድ መሰለኝ። እሱ አልሳቀም። እናቱ አስቴርም አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚማርበት የጦር ኮሌጅ ደንብ በቀለም ትምህርት ብቻ አይመረቅም። ሃምሳ ሜትር ሳይቆም መዋኘት ግድ ነው። ከፈቃድ ሲመለስ አንድ ጊዜ ይፈትኑታል፤ ያኔ ከወደቀ ከእጩ መኮንኖቹ ይሰረዛል። ፊዚክሱም ካርታውም ምንም አያደርግለትም።

አሁን እኔ ማን እንደሆንኩ ልጻፍ። የማታ አስተማሪያችን ቲቸር ማርታ «ለማያውቃችሁ ሰው እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ» ብላናለች። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ ነጂ ነኝ። ሰው ካፒቴን ይለኛል። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። መሠረተ ትምህርቱን ዘንድሮ ጨረስኩ፤ ከክፍሉም አንደኛ ነኝ። እርግጥ ደረጃ አልወጣልንም። ቢወጣ ማለቴ ነው።

የካፒቴን ልጅ ዋና ወደቀ። ይህን ለጀልባ ነጂዎቹ ማን ይነግራቸዋል? ከእነሱ አንዱ ሁሴን ማታ ሲጠይቀኝ «ትንሽ ብርድ መትቶት ፈተናው ተላለፈለት» አልኩት።

ማክሰኞ

ልጁ ለምን እንደወደቀ ዛሬ ሰማሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

የወላጆች ቀን ተብሎ ወደ ኮሌጁ የሄድኩ ጊዜ የዋና አሠልጣኙ ሻምበል ከወላጆች ጋር ቆሞ ይጫወት ነበር። «እርስዎ ከየት ነዎት?» አለኝ። «ከሐዋሳ፣ ከሐይቁ» አልኩ። «ታዲያ ልጅዎ ይዋኛላ?» አለ። እዚያ ላይ አፌን ማን ይያዘው! «ሻምበል፣ ይሄ ልጅ ዳዴ ሳይል ነው የዋኘ። ዓሣዎቹ በስሙ ነው የሚጠሩት» አልኩ። ሻምበሉ ሳቀ። ወላጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ሰው ሲስቅልኝ ምሳም አያስፈልገኝ። ምንተስኖት አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማይችሉትን ልጆች ጥልቀት በሌለው በኩል ሲያስተምሩ እሱን ከሚችሉት ጋር ደረደሩት። ፊሽካ ሲነፋ ዘሎ ገባ። ጎትተው ያወጡት በረጅም ዘንግ ነው።

«አልችልም አትልም እንዴ?» አልኩት።

«አንተ ይችላል ብለሃል። አባቴ ዋሽቷል ልበል?»

ከበር ወጥቼ የማያፈሰውን ቧንቧ አጠበቅሁ።

ከሰዓት «አባዬ፣ እንግዲያው አንተ አስተምረኝ» አለኝ። ጎህ ሲቀድ ሰው ሳይበዛ እንሂድ አልኩት። በሙሉ አፌ።

አሁን የሚጻፈውን አስቴር ብቻ ነው የምታውቀው። እኔም ዋና አልችልም። ጢም ሳላወጣ ጀምሮ ውሃ ላይ ኖሬያለሁ፤ ውሃ ውስጥ ግን አልኖርኩም። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከጀልባ ወድቄ በጸጉሬ ይዘው አውጥተውኛል። የውሃው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምንተስኖት ሕፃን ሳለ ልብሱን አርሶ በመጣ ቁጥር እገርፈው ነበር። ልጁን ከውሃ ያራቅሁት ራሴ፣ ለሻምበሉ ዓሣ ነው ያልኩትም ራሴ።

ረቡዕ

አሠለጠንኩት። ማለት፣ እሱ እስከ ደረቱ ገባ፣ እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ዳር ላይ ቆሜ አዘዝኩ። «እጅህን ዘርጋ! እግርህን ምታ! አትፍራ!» ሁለት ጊዜ ሞከረና ውሃ ጠጥቶ ተነሣ። ካሳለ በኋላ ዓይኑን ጠርጎ አየኝ።

«አንተ ለምን አትገባም?»

«ወገቤን ያመኛል።»

«ከትናንት ወዲያ ሻንጣዬን በአንድ እጅህ ነበር የተሸከምከው።»

«ጉማሬም አለ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አስገባኸኝ?»

ይሄ ልጅ ፊዚክስ ያለፈው በዕድል አይደለም።

ከሰዓት ሥራ ላይ አብሮኝ ወጣ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ይዘናል። ሚስትየዋ መሃል ስንደርስ «ካፒቴን፣ ብንገለበጥ ታወጣናለህ?» አለችኝ። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጧል። አፌ ግን ከእኔ ቀደመ። «እመቤቴ፣ ይህን ሐይቅ በጀርባዬ ተኝቼ አቋርጬዋለሁ» አልኩ። ሳቁ። ዞር ስል ምንተስኖት የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ውሃውን ያያል። እኔን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ሁሴን ከዳር ሆኖ «ካፒቴን፣ መኮንንህ ጠርዙን የያዘው ጀልባው እንዳይጠፋበት ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልጄ ሳቅሁ።

እራት ላይ አስቴር ሳህኑን ስታነሣ «ወንድሙ ጋ ሂድ» አለችኝ።

ወንድሙ የሚባለውን ሰው ላስተዋውቅ። ከጉዱማሌ መናፈሻ ወዲህ ባለው ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነው። ጸጥ ያለ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። እኔ በመንገድ ባገኘሁት ቁጥር «የባልዲው ጠባቂ፣ ባልዲህ ደህና አደረ?» እለዋለሁ። እሱ «ተባረክ» ብሎኝ ያልፋል። ይሄን ሁሉ ዓመት ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬ መሄዱ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ

ሄድኩ። ወንድሙ ቅጠል ከገንዳው በመረብ ያወጣ ነበር። «ካፒቴን፣ ሰላም ነህ? ምን እግር ጣለህ?» አለኝ። በሩ ላይ ዘበኛውና ሁለት አስተናጋጆች ቆመዋል። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ባልዲህ ውስጥ ዓሣ ይኖር እንደሆነ ላይ ብዬ» አልኩ።

አስተናጋጆቹ ሳቁ። ወንድሙ «ተባረክ» አለኝ። ወጣሁ።

ሌላ የሚጻፍ የለም። ልጁ ቤት ሆኖ ወንበር ላይ በሆዱ ተኝቶ እጁን ሲያወራጭ አገኘሁት። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ዓርብ

ዛሬ ሰው ሳይኖር ሄድኩ።

«ወንድሙ፣ ልጄን ዋና አስተምርልኝ።»

መረቡን አስቀመጠ። «አንተ እያለህ?»

«አልችልም።»

«ጊዜ አጥተህ ነው?»

«ዋና አልችልም። ችዬም አላውቅም።»

ይችን ቃል ከአፌ ማውጣት ከጀልባ ጋር እንደ መታገል ነበር። ሳቁን ጠበቅሁ። አልሳቀም። ደንግጦም አላየኝም። ልጁ የት ድረስ እንደሚችል፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራ አስኪያጁን አነጋግሮ ተመለሰ። እንግዶች ሳይነሡ ጠዋት ጠዋት እንድንመጣ ተፈቀደ። በፈንታው የሥራ አስኪያጁን ልጆች እሑድ በጀልባ አዞራለሁ።

ወዲያው ምንተስኖትን አመጣሁት፤ ወንድሙ አስጀመረው። እኔ ዳር ቆምኩ። ልጁ ሦስት አራት እርምጃ ያህል ይሄዳል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እኔ ያያል፣ እግሩ ይሰጥማል። እንደገና። እንደገና።

ወንድሙ ወደ እኔ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካፒቴን፣ አንተ ዳር ከቆምክ እሱ አንገቱን ያነሣል፤ አንገቱን ካነሣ ይሰጥማል። ወይ ወደ ቤት ሂድ፣ ወይ ግባ» አለኝ።

ወደ ቤት ሄድኩ።

ቅዳሜ

ገባሁ።

የምንተስኖትን የኳስ ቁምጣ ለብሼ። አስቴር ስታየኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በገንዳው የብረት መሰላል ቁልቁል ወረድኩ። ውሃው እምብርቴ ላይ ሲደርስ ያ የልጅነት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። ብረቱን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ምንተስኖት ከውሃው ውስጥ ሆኖ አየኝ። ሁሉም ነገር በዚያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ ግርፊያውም፣ ወገቡም፣ ጉማሬውም።

«አባዬ፣ አትችልም እንዴ?»

«አልችልም።»

«እሺ፣ ብረቱን እንዳትለቅ» አለኝና ዞሮ ሄደ። አንገቱን አላነሣም። ግማሽ ገንዳ ደረሰ።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ሁሴን ዓሣ ተሸክሞ ብቅ አለ። ለሆቴሉ ዓሣ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ቆመ። እኔ በቁምጣ ብረት አቅፌ፣ እሱ ከነዓሣው። ተያየን።

«ካፒቴን፣ መልህቅ ጣልክ እንዴ?» አለ።

ብረቱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

እሑድ

የሥራ አስኪያጁን ልጆች በጠዋት አዙሬ ሰው ሳይሰበሰብ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ከመስኮት ሳይ ጎረቤት ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኛል። ምናልባት ስለ ዘይት ነው የሚያወሩት።

ምንተስኖት ብቻውን ወንድሙ ጋ ሄዶ መጣ። ሙሉውን ገንዳ ሄዶ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ቆሟል። መቆም አይፈቀድም።

ሰኞ

ጀልባዬ ላይ ባዶ ቢጫ ጄሪካን አስረውበት አገኘሁ። «ካፒቴን፣ ወገብህ ላይ እሰራት፤ ወገብህን ያምሃል አሉ» አለ ሁሴን። ሌሎቹ መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ለካ ልጄ ላይ ስስቅ እሱም ይህን ነበር የሰማው።

ቀልድ ፈለግሁ። ሁለት መጥቶልኝ ነበር፤ አንደኛው ጥሩ ነበር። ተውኩት።

«እውነት ነው፣ አልችልም» አልኩ። «ልጄም ብርድ አልመታውም፣ ዋና ወድቋል። እኔ ይችላል ብዬ ዋሽቼበት ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሴን የጄሪካኑን ገመድ መፍታት ጀመረ። አላስፈታሁትም፤ እንደታሰረ ይዤው ወጣሁ።

ማክሰኞ

ምንተስኖት ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋትም ገንዳው መሃል ላይ ቆሟል። ወንድሙ «ይችላል፣ ትንፋሹን ብቻ ይቆጥብ» ይላል። እኔ እንጃ።

ሻንጣውን ተሸክሜ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከኋላ ሄድኩ። ምንም አልጮህኩም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል «አባዬ፣ ሻምበሉ ከጠየቀኝ ምን ልበል?» አለኝ።

«አባቴ ጀልባ ነው የሚያውቅ፣ ውሃ አያውቅም በል። እኔን አሳፍረኝ፣ ግድ የለም።»

ራሱን ነቀነቀ። ይበል አይበል አላወቅሁም። እጁን በመስኮት አውጥቶ ያዘኝ፤ አውቶቡሱ እስኪነቃነቅ አልለቀቀኝም።

ሐሙስ

ሐይቁ ዳር የሁሴን ጀልባ ላይም ቢጫ ጄሪካን ታስሮ አየሁ። አዲስ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ጀልባ አለው። ምንም አላልኳቸውም። አፌ እንዴት እንደበላኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ትናንት ፈተናው ነበር። እስከ ማታ ስልክ አልመጣም። አስቴር ምግብ አልቀመሰችም።

ዛሬ ጠዋት ወንድሙ ጋ ሄድኩ። ልጁ ከሄደ ወዲህም እሄዳለሁ። «ባልዲህ» የምትለዋን ትቻታለሁ፤ እሱ ግን «ካፒቴን» ማለቱን አልተወም፤ ሲጠራኝ አፍራለሁ። ዛሬ አንድ እጄን ከብረቱ አነሣሁ። አንዱን ብቻ።

ጸጉሬ ሳይደርቅ የሰፈራችን የሐጂ ሱቅ ሠራተኛ ስልክ ነው ብሎ ጠራኝ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ አርባው አካባቢ ትንፋሼ አለቀ» አለኝ ምንተስኖት። «ግን አልቆምኩም። እንዴት እንደደረስኩ እንጃ። ውጤቱ ሰኞ ነው የሚነገረን።»

«ሻምበሉስ?»

«አባትህ ያሉት ሁሉ የት ሄደ አለኝ። እንዳልከኝ እውነቱን ነገርኩት።»

ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ሳቀ?»

«ሳቀ። ከዚያ አሁን አባትህ የት ናቸው አለኝ። ጀማሪዎች ጋ ናቸው አልኩት።»