እስከ መጨረሻው ያላነበብኩላት ወረቀት

ይድረስ ለልጃችን ኢልሀም። አሰላሙ ዓለይኪ፤ የሰው አገር እንጀራ በጤና የምትበይው ያድርግልሽ። እናትሽ ኑርጃን ሰላምታዋን አጽፋኝ ገበያ ወጣች። ገብሱ አምሯል፤ በቅሎዋም አሁንም የምትራገጠው እኔን ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ የአጎትሽ የኸይሩ ነው፤ በኀፍረት ነው የምጽፈው። እናትሽ ከጡት ካንሰሩ ካገገመች ወዲህ በሴትነቷ በኩል ድርቀት ሲያስቸግራት፣ ጎረቤታችን ሐረግ ለራሷ የታዘዘላትን የሆርሞን ቅባት አካፈለቻት። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ፣ ከቅባቱ ጋር ያለውን የአጠቃቀም ወረቀት እንዳነብላት ወደ እኔ አመጣችው። የሚቀባበት ቦታ ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ። ዝቅ ብሎ፣ የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር እንዳትጠቀም ይላል። ለእህቴ ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ። ወረቀቱን አጥፌ፣ "ጥሩ ነው፤ ደግሞ ልትሞሸሪ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁባት።

"ዝም በል፣ አንተ ባለጌ!" ብላ በሻሿ ተሸፍና ሄደች። ሦስት ሳምንት ተቀባችው።

ትናንት ጨንቆኝ የጤና ጣቢያችንን ነርስ ጠየቅሁ። "ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ግን ያከማት ሐኪም እስኪወስን ታቁም። ሆርሞን የሌለው ማለስለሻም አለ" አለችኝ።

ማታውኑ መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም አነበብኩላት። አልተቆጣችም። "ደሴ ያከመኝ ሐኪም የሚያስቸግረኝ ነገር እንዳለ ሲጠይቀኝ 'ደህና ነኝ' ያልኩት አንተ አጠገቤ ስለነበርክ ነው" አለችኝ።

ልጄ፣ ደውዪና አደፋፍሪያት፤ ለሐኪሙ ምንም ሳትደብቅ ትንገረው። ማክሰኞ ደሴ እወስዳታለሁ። እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። አላህ ለሳቅሽ ያብቃን።