ታዘብኩሽ ሽሮ አይበላም

ማክሰኞ፣ የካቲት 25። ጠዋት 1፡30

ዛሬም አልበላም። ከቅዳሜ ጀምሮ አራተኛ ቀኑ። የሩዝ እንጀራ በሽሮ ፈትፍቼ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አቀረብኩለት። አሸተተ። ቀና ብሎ አየኝ። ሄዶ ከጌሾው ሥር ተጋደመ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ የናቀኝ ተማሪ የለም!

ደብተሬ፣ እስቲ አንቺው ፍረጂ። ሁዳዴ ከገባ ዘጠነኛ ቀን ነው። ቤቴ ውስጥ ሽሮ፣ ክክና ጎመን ነው ያለው። ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ለአንድ ውሻ ብዬ በጾም ሥጋ ልቀቅልለት?

በረንዳ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ጠራሁት። ታዘብኩሽ! ና ብላ እንጂ! ታዘብኩሽ!

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ የዘይነባ መጥረጊያ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። ትስማ። ስሙን ያወጣሁት ለእሷ ነው።

ኀሙስ፣ የካቲት 27። ከሰዓት

ክክ ሞከርኩ፤ እምቢ። ተልባ ሞከርኩ፤ አስነጠሰው። ዳቦ በሻይ ነክሬ ሰጠሁት፤ ሻዩን ልሶ ዳቦውን ተወ።

ሌላም ያበሸቀኝ ነገር አለ። ወንድሜ በጥቅምት ይህን ውሻ ከይፋግ ሲያመጣልኝ፣ ብቻሽን ነሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ ብሎ ነው። እሱ ግን ከሰሞኑ አጥሩን ተጠግቶ ይተኛል፤ ዘይነባ ሱቅ በር ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይጮኻል። የእኔን በር ማንም ቢያንኳኳ ግድ የለው።

ስሙን ለምን እንዳወጣሁለት ጽፌልሽ አላውቅም መሰለኝ። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው፤ ውኃው ሰፈራችን ገባ። ዘይነባ ሱቋ በር ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ደረደረች። ውኃው ዞሮ እኔ ቤት! ለዓመት ያስቀመጥኩት ሩዝ በሰበሰ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነን። በማግሥቱ ልታናግረኝ መጣች፤ በሩን በፊቷ ዘጋሁት። ለሰው ፊት ለፊት የማይባለውን በውሻ ስም ማለት ደግሞ በእኛ አገር የቆየ ነው። ስም ፍለጋ አልተቸገርኩም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ሳህኗ እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ አበባ ያለበት። አምና ለአረፋ ቴምርና ሐላዋ ሞልታ የላከችው። መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሞልቶ መመለስ ደግሞ መታረቅ ነው። እንግዲህ ይቀመጥ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29። ማታ

የዛሬውን ጉድ ስሚ። መናኸሪያው አጠገብ ከምትሸጠው ሴት ሁለት ትንንሽ ዓሣ ገዛሁ። ለውሻው! በፌስታል ጠቅልዬ ነጠላዬ ሥር ሸጎጥኩ። መንገድ ላይ ማኅበርተኛዬ ያዘችኝ። ሰላምታው አያልቅ። ጤናሽ፣ ወንድምሽ፣ ጉልበትሽ። ፌስታሉ ይንጠባጠባል። አፍንጫዋ ሲሠራ አየሁት። ደህና ዋይ ብላ ሄደች፤ አካሄዷ ግን ወሬ የያዘ ሰው አካሄድ ነው።

ውሻው አንዱን በላ! በላ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሁለተኛውን ወስዶ ቀበረው።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

የነፍስ አባቴ መጡ። አመጣጣቸው አላማረኝም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ ዋጋ ትንሽ ተጫወቱ። ከዚያ ቀስ አድርገው፣ ሐኪም ያዘዘልሽ ነገር አለ ወይ አሉኝ። ኩም አልኩ። ዓሣው ጆሯቸው ደርሷል!

ውሻውን ጠቁሜ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሳቁ፤ እንባቸውን በጋቢያቸው እስኪጠርጉ ሳቁ። እሱ ሁዳዴ የለበትም፣ አንቺ ካልቀመስሽ ምን አለበት አሉ። ቀለለኝ። ቡና ላፍላ ስል፣ ለመሆኑ ስሙ ማን ነው አሉኝ።

ነገርኳቸው። ለማን እንደሆነም ያውቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳቃቸው ቆመ። «ይኸንን በቀን ስንት ጊዜ ትጠሪዋለሽ ልጄ?» አሉ። ባርከውኝ ሄዱ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3። ረፋድ 5፡00

ዛሬም ሽሮው እንደተቀመጠ አደረ። ፈራሁ። አንጀቱ ተበላሽቶ ይሆናል፣ መርዝ በልቶ ይሆናል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እየተሳደብኩ ለካስ ወድጄዋለሁ። ከሌለ ይህ ግቢ ጭር ማለቱ ነው። ከሰው ጋር የማወራው እሱን ስጠራ ብቻ ሆኗል፤ ይኸው ጻፍኩት።

በገመድ እየጎተትኩ እንስሳት ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬም ቲቸር ነው የሚለኝ። ሆዱን ዳሰሰ። የጎን አጥንቱን ፈለገ፤ በስብ ተሸፍኗል። አፉን ከፈተና በጥርሱ መካከል የገባች የሥጋ ክር መዘዘ። አሳየኝ። በሁዳዴ! ከእኔ ቤት ውሻ!

ይህ ውሻ ተርቦ አያውቅም አለኝ። ማታ ማታ የት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። እኔ እንጃ። በዚያ ሰዓት ጓዳ ውስጥ እራቴን እያቀረብኩ ነኝ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ቲቸር። ለማን እንደሚጮኽ ይዩ» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ለማን እንደሚጮኽ አውቃለሁ።

ኀሙስ፣ መጋቢት 4። ምሽት 1፡10

አሁን ከደጅ መግባቴ ነው።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጌሾው ጀርባ ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሌባ! ውሻው ጆሮውን አቁሞ ቁጭ ብሏል። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ወዲያው ተነሣ። ተንጠራራ። ቀጥ ብሎ ወደ አጥሩ ቀዳዳ።

ያንን ቀዳዳ የከፈትነው እኔና ዘይነባ ነን። ለሳህን። የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ሲገጥሙ፣ ለእኔ ብላ በምስር ብቻ የሠራችውን ሳምቡሳ በዚያ ታቀብለኝ ነበር። ዘንድሮ ገጠሙ፤ ሳምቡሳ ግን የለም። ለካ ያን ቅዳሜ የጀመረው ረመዳን ነው! እኔ ግን የውሻዬን ሆድ ስመረምር ሰነበትኩ።

በቀዳዳው አየሁ። ዘይነባ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እንዳይነካት ራቅ ብላ፣ በተሰነጠቀ ሳፋ ሾርባ ከነአጥንቱ አስቀመጠችለት። ከዚያ ነው ዱካ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቴምር አፏ ውስጥ ያደረገችው። ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለች ሴት አስቀድማ ውሻዬን አበላች። ብቻዋን ናት። ሁለት ሲኒ ግን ቀርቧል፤ አንዱ የእኔ የነበረው። ወይ የልማድ ነገር!

ስሙን አልጠራችውም። «ዛሬ ዘገየህሳ፣ እንግዳየ» አለችው።

እንግዳየ። እኔ ስንት ወር ሙሉ በጆሮዋ ስሰድባት፣ እሷ ስድቡን እንግዳ አድርጋ ስታበላው። ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ወፍራሙ ሆዳም ጠግቦ ሲመለስ እግሬ ሥር ተኛ። ሾርባ ሾርባ ይሸታል።

ዓርብ፣ መጋቢት 5። ሌሊት ሳይነጋ

ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ለአንቺም ዋሽቻለሁ።

በሁለታችን ግቢ መካከል ያለውን ቦይ በየግንቦቱ የማስጠርገው እኔ ነኝ። ድርሻው የእኔ ነው። አምና ጉልበቴን አመመኝ፣ ነገ አልኩ፣ ነገ አልኩ፣ ክረምቱ ገባ። ቦዩ በደለል ተደፍኖ ነበር። ውኃው መጀመሪያ የገባው እሷ ሱቅ ነው። ጆንያውን የደረደረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ታውቃለች። በጎርፉ ዕለት ሰው ሰብስቤ ስጮኽባት ቦይ የሚል ቃል ካፏ አልወጣም። እኔ ደግሞ ዝምታዋን የጥፋተኛ ዝምታ አደረግሁት። አፈርኩ። ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6። ጠዋት

ሁለት ልጆች ከፍዬ ቦዩን አስጠረግሁ። ከክረምቱ በፊት፣ በመጋቢት! ዘይነባ ከሱቋ ወጥታ አየች። ተመልሳ ገባች። ምላሴ ታሰረ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማረ ምላስ።

ውሻውን ለቁርስ ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ እምቢ አለኝ። አንተ ና አልኩት። መጣ። ሽሮውን አሸተተ። ትቶት ሄደ። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ።

በዚሁ ዕለት። ምሽት 12፡20

ከሩዝና ከስንዴ ዱቄት ዳቦ ጋገርኩ። ጥቁር አዝሙድ ነስንሼበታለሁ፤ እንደምትወደው። በጾሜ ልቀምሰው የምችለው ነው፣ እሷም በጾሟ መፍቻ። ሳህኑን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

እፈራለሁ። በሩን እኔ እንደዘጋሁባት ብትዘጋብኝስ? ብትዘጋ መብቷ ነው። ነገ ደግሜ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የምናገረው ቦዩን ነው፣ ከሰላምታ በፊት፣ ሌላ ወሬ ከመጣ ሸሽቼ እቀራለሁና። ውሻውንም ስሙን ቀይሬለታለሁ እላታለሁ፤ «ማን ብለሽ?» አትለኝም፣ ታውቀዋለች።

ዳቦው ሳህኑ ላይ ነው። ነጠላዬ የት ሄደ። ይኸው።

አዛን አለ። እንግዳው ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ወደ ቀዳዳው። ቆይ አንተ! እኔ በዚያ አልገባም፣ በበሯ ዞሬ ነው፣ ቀድሞኝ እንዳይ…