በእማማ ፍቺው ሞትና በሁለቱ ወጣት ተመካሪዎቻቸው ላይ ስለወደቀው ሐዘን

የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩትንና በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እማማ ፍቺው» በሚል ቅጽል የሚታወቁትን አንጋፋ ባለሙያ ባለፈው ማክሰኞ በደረሰ የእሳት አደጋ ማጣቱን በመሪር ሐዘን ያስታውቃል።

ቅጽሉ የወጣላቸው ከልማዳቸው ነው። አዲስ ሱቅ የከፈተች ወጣት የመጀመሪያ ሥራዋን ስታሳያቸው፣ አገላብጠው ዳስሰው «ፍቺው» በማለት ስፌት መፍቻውን ያቀብሏት ነበር። ልብሱ ቢያምርም ይፈታል። የገዛ እጁን ሥራ መፍታት ያቃተው ሰው ደንበኛ ልብሱን የመለሰበት ዕለት ይጣላል ብለው ያምኑ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ማኅበሩ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲቋቋም፣ የራሳቸውን የስፌት መኪና ለጋራ አገልግሎት አውለዋል። ዓይናቸው ክር በመርፌ አላሾልክ ሲላቸው ሥራ ጀማሪዎችን ወደ ማማከር ተሸጋገሩ።

ባለፈው ዓመት የተማሪዎች ደንብ ልብስ መስፊያ የከፈቱ እኅትና ወንድም በአደራ ተሰጧቸው። ወጣቶቹ የፊተኛውን ክፍል የሰፉትን ልብስ በስልክ ፎቶ ማንሻ ሲያደርጉት «ልጆቼ፣ ፎቶ አይለበስም» ይሏቸው ነበር፤ እኅትየዋም «እማማ፣ የዘንድሮ ሰው መጀመሪያ የሚለብሰው በዓይኑ ነው» ትላቸው ነበር። ደንበኛ ሲበዛ መረታታቸውን በጉባኤያችን ፊት እየሳቁ ተናግረዋል።

ከፊተኛው ክፍል የተነሣው የጨርቅ ጥቅል ግን የኋላውን በር ዘጋ። እማማ እንዲነሣ አሳሰቡ፤ ወጣቶቹ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ጊዜ ጠየቁ፤ እርሳቸውም ፈቀዱ። ማኅበሩ ይህን አይሸሽግም። ከካውያው ገመድ የተነሣው እሳት የፊቱን መውጫ ሲይዝ፣ በዕለቱ አብረዋቸው የነበሩት እማማ ሁለቱን በጠባቡ መስኮት አስቀድመው አሳለፉ። ወንድምየው ከውጭ እጃቸውን ይዞ ቢስብም ጭሱ ቀደመው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወጣቶች «አሮጊቷን የበሉ» እየተባሉ ከቤት መውጣት ፈርተዋል፤ ሙያውንም ለመተው መወሰናቸውን አስታውቀውናል። የሟች ብቸኛ ልጅ ይህን በሰሙ ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ ቃላቸው እንዳለ እንዲሰፍር ጠይቀዋል፦ «እናቴ በሩን አይታ እሺ ያለች ቀን ጥፋቱ የሦስት ሰው ሆኗል። እርሷ ድርሻዋን ከፍላለች፤ የርሷንም ለልጆቹ አታሸክሟቸው።»

ማኅበሩ የሁለቱን የመልቀቂያ ጥያቄ አልተቀበለም። በአባላት መስፊያዎች ሁሉ የኋላ በር ሳይከፈት የስፌት መኪና እንዳይነሣም ወስኗል።

ለቤተሰባቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ላሠለጠኗቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በልጃቸው ፈቃድ ሁለቱ ወጣቶች በሐዘኑ ቤት ደጃፍ ላይ በልጅ ወግ ቆመው ሐዘንተኛ ይቀበላሉ፤ ለማጽናናት የሚመጣ ሁሉ የእነርሱን እጅ ሳይጨብጥ ወደ ውስጥ አይገባም።