ለገዢ በተኳለ ቤት ስለተለቀሰልኝ ለቅሶ

ለላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ ከፈለኝ
ሚዛን ተፈሪ

ግልባጭ፦ ለእድሩ አባላት በሙሉ፤ በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍልኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ፣ የእድሩን ሥራ አስፈጻሚ ቅር እንዳይለው እየሰጋሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ይህን የምጽፈው ለሰላምታው ወግ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ቅዳሜ፣ ግንቦት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ እድራችን በዚህ ነጥብ ላይ የተለየ አቋም ይዞ ስለነበር በጽሑፍ ማረጋገጡ ይሻላል ብዬ ነው።

ክብ ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያዎ ማክሰኞ ዕለት ደርሶኛል። የእድሩን ወንበሮች ከለቅሶ ውጭ ለሆነ ጉዳይ ማዋሌ፣ ሰው ሳይሞት አባላትን ማስለቀሴ፣ እንዲሁም በዕለቱ በነበረው ለቅሶ ላይ አርፍጄ መገኘቴና ሳይፈቀድልኝ አቋርጬ መውጣቴ በሦስት ተራ ቁጥር ተዘርዝሯል። ሦስተኛውን ጥፋቴን መነጽሬን ወልውዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ሳቆም የኖርኩ መምህር ነኝና፣ ስለ ማርፈድ የሚያስተምረኝ ሰው የለም እል ነበር፤ በገዛ ለቅሶው ላይ ያረፈደ ሰው ግን እኔም ገጥሞኝ ስለማያውቅ እርስዎ በለጡኝ።

እንግዲህ ነገሩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን፣ አመጣጡን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ ቤቱ ለምን እንደሚሸጥ

ባለቤቴ ወይዘሮ ትርፌ ጉልበቷን ከታመመች ይኸው ሦስተኛ ክረምቷ ነው። የሰፈራችንን ዳገት ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጤነኛውም ቢሆን በእጁ እየተደገፈ ነው የሚወጣው። ቴፒ አንድ ሆቴል የምታስተዳድረው ልጃችን ሜሮን፣ እዚያ ሜዳው ላይ፣ ከእሷ ቤት አጠገብ አንዲት ትንሽ ቤት አግኝታልናለች። ይህኛው ካልተሸጠ ግን ያኛው አይገዛም፤ ትርፌም እንደ ዘንድሮው ቤት ተቀምጣ ቤተ ክርስቲያኑን በመስኮት ስትሳለም ትኖራለች።

እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁለት ገዢዎች መጥተው ነበር። አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት ካርታ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ሌላው ሶፋችን ላይ ተቀምጦ ሲነሳ የሱሪው ቁራጭ ከሽቦው ጋር ቀረ። ደላላችን አቶ ታምሩ ቤቱን ሲያሞግስ ሰው አላምን ማለቱ ሳያንስ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ራሱም ማመን እንደተሳነው ነግሮኛል።

2ኛ/ ቤት ስለ መኳል

ሜሮን ከቴፒ የመጣችው ይህንን ሰምታ ነው። ቤት ሲሸጥ እንደ ሙሽራ ይኳላል ትላለች፤ በሆቴል ሥራ የተማረችው ጥበብ ነው። እሷ እንደምትለው ቤት የሚገዛ ሰው ማገርና ቆርቆሮ አይገዛም፤ ራሱን እዚያ ቤት ውስጥ ሲኖር ካላየ ኪሱ አይፈታም። ራሱን እንዲያይ ደግሞ የባለቤቱ ኮተት መነሳት፣ የባለቤቱ ፎቶግራፎች መውረድ፣ ከሁሉም በላይ ባለቤቱ ራሱ ከአካባቢው መጥፋት አለበት። በዚህ መሠረት ቅዳሜ በማለዳ ሶፋው፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ያጠራቀምኳቸው የፈተና ወረቀቶች ወደ ጓሮ ወጡ፤ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፤ እኔም ከኮተቱ ጋር ተቆጥሬ፣ ገዢዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ እስክትሄድ ድረስ እንዳልታይ ተነግሮኝ ወጣሁ።

ተቀይሜ ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን ከመውጣቴ በፊት ዞር ብዬ ሳሎኑን ሳየው ቅያሜዬ በረደ። ሃያ ሦስት ዓመት ስኖርበት ሳሎናችን ሁለት መስኮት እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ሁለተኛው ለካ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ኖሯል። በእሱ በኩል የእርስዎ የቡና ዛፎችና ከማዶ ያለው ተራራ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ቤት እያለኝ ለምን እንደምሸጠው ለአንድ አፍታ ግራ ገባኝ። ስለዚህ ቤቱን መሸጥ የሚፈልግ አባል ሁሉ አስቀድሞ እንዲኳለው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሌላው ቢቀር ለአንድ ቀን ከቤቱ ጋር ይተዋወቃል።

3ኛ/ ስለ ወንበሮቹ

ባዶ ሳሎን ደግሞ ያስፈራል ተባለና ስድስት ቆንጆ ወንበር አስፈለገ። በሰፈራችን ቆንጆ ወንበር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የእድራችን መጋዘን። ልጄ ከተመረቀች ጀምሮ ቴፒ ስለከረመች፣ እነዚያ ወንበሮች ሰው ካልሞተ በቀር ፀሐይ እንደማያዩ አታውቅም፤ ለዚያችው ለምረቃዋ በለመንኩዎት ጊዜ ማን ሞተና ብለው እንደመለሱኝም አልነገርኳትም። ለአቧራው ብላ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ኖራው ዓይኗን አቅልቶት፣ በርዎን አንኳኳችና ወንበር ጠየቀችዎት።

እርስዎ ወግ አዋቂ ነዎት። ጥቁር ያሰረችና ዓይኗ የቀላ ልጅ የእድር ወንበር ስትጠይቅ ማን ሞተብሽ ተብላ አትጠየቅም፤ ከንፈርዎን ነክሰው ቁልፉን ሰጧት። እሷም የሚዛን ሰው ደግነቱ አይለወጥም እያለች ተመለሰች። ከዚያ በአጥሩ በኩል ሲያዩ አልጋው ጓሮ ወጥቷል፤ ሳሎኑ ለለቅሶተኛ ተለቅቋል፤ የእኔ ትልቁ ፎቶግራፍ በነጠላ ተጠቅልሎ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልታየሁም። ማስረጃው ሞላ። ልጄና ትርፌ መጋረጃ ሊመርጡ ወደ ገበያ ሲወርዱም፣ አስከሬኑን ከሆስፒታል ሊያመጡ ነው ተባለ።

ስለ ፍጥነትዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና ለጎረቤታችን ለአቶ ሙሴ ድንኳኑ የተተከለው ከቀብር መልስ ነበር፤ ለእኔ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥሩንባ ተነፋ፣ ድንኳን ቆመ፣ ጎደሬው ተቀቀለ፣ የአቶ አሞጽ ጸሎት ቤት መዘምራን በአንድ ወገን መዝሙራቸውን፣ እናቶች በሌላው ወገን ሙሾአቸውን ያዙ። አንድ ጠርጣራ ሰው ለማጣራት ያህል ስልኬን ደወለ። ስልኩ ጓሮ ከወጣው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከኮቴ ኪስ ሆኖ ሲጮኽ ጊዜ፣ እስከዚያ ያላለቀሰውም አለቀሰ አሉ። አባቶቻችን የቁም ተዝካር ያወጡ እንደነበር አውቃለሁ፤ የቁም ለቅሶ ግን እድራችን የጀመረው ይመስለኛል።

4ኛ/ ስለ ማርፈዴና አቋርጬ ስለ መውጣቴ

ሁለቱንም አምናለሁ። ቀኑን ታች ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ጋዜጣ ሳነብ ውዬ፣ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ዳገቱን ስወጣ ድንኳኑን አየሁ፤ የቆመው በእኔ ደጅ ነው። ክቡር ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ጠዋት ቤት ውስጥ የተውኳት ትርፌን ነው፤ ደም ብዛት አለባት፤ ከቤቴ ተባረርኩ ብዬ አኩርፌያት፣ ቅያሜው ቢበርድልኝም ሳንታረቅ ነው የወጣሁት። አጥሩን ይዤ እየተጎተትኩ ከድንኳኑ ጀርባ ደረስኩ። ፊት ለፊት ቆመው ይናገሩ የነበሩት እርስዎ ነበሩ፤ ጥቂት እንዳዳመጥኩም የሟቹን ስም ጠሩ። የሞትኩት እኔ መሆኔን ስሰማ ለእግዚአብሔር ያቀረብኩት ምስጋና፣ በዕድሜዬ ካቀረብኩት ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ ወዲያ አለሁ ብዬ መግባት ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ግን ንግግሩ እየጣመኝ መጣ። እርስዎና እኔ ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተናል። በየስብሰባው እጄን ባወጣሁ ቁጥር ይኸ ነገረኛ ደግሞ ተነሳ ሲሉኝ ኖረዋል፤ እኔም ስለ እርስዎ ያልኩትን መጋዘን በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት አልደግመውም። ያን ቀን ግን ጋቢዎን አዘቅዝቀው፣ እንባዎ በጺምዎ ላይ እየወረደ፣ እንዲህ አሉ፦ «ነገረኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት የሚነግረን እሱ ብቻ ነበር። እንግዲህ ስንሳሳት ማን ይነግረናል?» ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ፤ ሟቹ አሳዘነኝ።

ከዚያ አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችኝና የጮኸችው ጩኸት እስከ አደባባዩ ድረስ ተሰምቷል። እኔ ግን በዚያው ቅጽበት ትርፌ ትዝ አለችኝ፤ ከገበያ አርፍዳ ስትመለስ እኔን ከማየቷ በፊት ድንኳኑን ልታይ ነው። ለቅሶተኛውን ጥዬ የሮጥኩት ለዚህ ነው። ከዳገቱ ሥር ከባጃጅ ስትወርድ ደረስኩባት። ጭቃ ለብሼ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ እጇን ያዝኩ፤ እሷም መጋረጃውን ዘርግታ ቀለሙን ወደድከው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወደድኩት አልኳት። ቀለሙን አላየሁትም።

5ኛ/ ስለ ገዢዋ

ወይዘሮ ንጋቷ የሸኮ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሚዛን ለማስተማር ቤት ይፈልጉ ነበር። በቀጠሯቸው ዘጠኝ ሰዓት ከአቶ ታምሩ ጋር ሲደርሱ፣ ቤት ሊያዩ መምጣታቸውን ለመናገር ማንም ፋታ አልሰጣቸውም፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ፣ ለማያውቁት ሰው አለቀሱ፣ ጎደሬውን ቀመሱ። አቶ ታምሩም ሥራውን ሳይረሳ፣ ሟቹ ጣሪያውን በየዓመቱ ያሳድስ እንደነበር በሐዘን ድምፅ ይነግራቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን ጣሪያውን ቀና ብለው አላዩም። ግድግዳውንም፣ ሁለተኛውንም መስኮት አላዩም። ልጄ ከማለዳ ጀምሮ ከለፋችበት አንዱንም ሳያዩ፣ በማግሥቱ እሁድ በተጠየቀው ዋጋ እገዛለሁ ብለው ላኩ፤ የጠየቁት ነገር ቢኖር እድሩ አዲስ አባል ይቀበል እንደሆነ ብቻ ነው። ሜሮን ገዢ ራሱን ሲኖርበት ማየት አለበት ብላ ነበር። ወይዘሮ ንጋቷ ደግሞ ራሳቸውን ሲለቀስላቸው አዩበት፤ ያም በቃቸው።

እንግዲህ ቤቴን የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ አቶ ታምሩ እኔ ነኝ ቢልም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን በምስጋና ተቀብያለሁ። ወንበሮቹንም ወልውዬ መልሻለሁ፤ አንደኛው ላይ ጥቂት ኖራ ቀርቷልና ቀጣዩን ሟች ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሐምሌ መግቢያ ወደ ቴፒ እንሄዳለን። እዚያም እድር አለ፤ ሰዎቹም ደጎች ናቸው አሉ፤ ስሞት አሳምረው ይቀብሩኛል። ነገር ግን ከመካከላቸው ነገረኛ ብሎኝ የሚያውቅ አንድም ሰው ስለማይኖር፣ እርስዎ ያሉትን የሚል አይገኝም። እርስዎም ከቅዳሜ ወዲህ በአጥሩ በኩል ስንተያይ ፊትዎን ያዞራሉ፤ የደረሰኝ ቃልም ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ስለዚህ ለተግሣጹ ወረቀት እንደተገኘለት ሁሉ፣ እነዚያንም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጽፈው እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና ቴፒ ይዤው እሄዳለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ሜሮን ታነበዋለች።

በቀሪው የሥራ ዘመንዎ አምላክ እንደ እኔ ያለ ቆሞ የሚያዳምጥ ሟች ያብዛልዎ እያልኩ፣ ከማይለዋወጥ አክብሮትና ከሙሉ ትንፋሽ ጋር፣

ዓባይነህ
ጡረታ የወጣ መምህር፣ የአጥር ጎረቤትዎ፣
ለጊዜው በሕይወት ያለ የእድሩ አባል

ማስታወሻ፦ በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ከደንቡ ውጭ ነው የሚሉ ከሆነ አላስቸግርዎትም። ከመሄዳችን በፊት አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲህ ድምፄን አጥፍቼ እቆማለሁ፤ እርስዎ ከወዲያ ሆነው፣ የሞትኩ መስሎዎት፣ ይድገሙልኝ።