ሐረጉ እየደረቀ ገና እያሰላ ስላለው ኮምፒውተራችን

ለተከበሩ አቶ ጉልላት ይድነቃቸው
የመሥሪያ ቤታችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ትዕግሥትዎ የማይነጥፍ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለተከላ የሚሆነውን የዘንድሮውን የስኳር ድንች ሐረግ ዕደላ በተመለከተ ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ለማን ስንት ሐረግ እንደሚደርስ ከዘጠኝ ሺህ አርሶ አደሮች የኤክሴል ሠንጠረዥ ለሚያሰላው ፕሮግራማችን ስለመረጡልን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ስላዘጋጁት የኮድ ስብስብ፣ አመሰግናለሁ። ይህ ላይብረሪ የአንድን ቀበሌ ድምር አንዴ አግኝቶ ማስታወስን እንደ ነውር ስለሚቆጥር፣ አዲስ ስም ላይ በደረሰ ቁጥር ሠንጠረዡን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ እንደገና ይደምራል። ሰኞ ጠዋት ያስጀመርኩት ስሌት ረቡዕ ከሰዓት በኋላም አላለቀም ነበር።

ሁለተኛ፣ ድምሩን አንዴ አስልቶ የሚያስቀምጥ ማስተካከያ ጽፌ ሥራው በስድስት ደቂቃ ማለቁን ባሳየሁዎ ጊዜ፣ «ኮሚቴው ያላየውን ኮድ አንነካም» ብለው ከችኮላ ስለጠበቁኝ ውለታዎ አለብኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። የተቆረጠ ሐረግ ግን እርጥብ ጆንያ ቢለብስም ስብሰባ አይጠብቅም።

ሦስተኛው የእኔ ሳይሆን የወይዘሮ ፋንታዬ ነው። እኚህ እናት ማሳቸውን አርሰው ጨርሰው፣ ከገሱባ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው መጋዘናችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ስሜ ጠፍቶ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አልጠፋም እናቴ፣ ኮምፒውተሩ እያሰላ ነው።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ምኔን ነው ሦስት ቀን የሚቆጥረው?»

ሐሙስ ጠዋት ያልተፈቀደውን ማስተካከያ አስኬድኩት። ዝርዝሩን አትሜ ከመጋዘን ሠራተኛው ከአቶ ይስሐቅ ጋር ማደል ጀመርን። ጆንያው ሲገለጥ ከሐረጉ ግማሽ ያህሉ ደርቋል። ወይዘሮ ፋንታዬ ከደረሳቸው ሃምሳ ቁራጭ ውስጥ በሕይወት ያሉትን አሥራ ዘጠኙን መርጠው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። አላማረሩም፤ ቢያማርሩ ይሻለኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጥቻለሁ። ለኮሚቴ ያለዎት ታማኝነት ለሚመጣው የተከላ ወቅትም እንዲተርፈን እየተመኘሁ፣ ድካሙ ከወንበሬ ስላላስነሳኝ ተቀምጬ እጅ እነሳለሁ።

ትሕትና ቦልቴ
የመረጃ ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ ያለ ፈቃድ ኮድ በመንካቴ የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤታችን ሲፈልግ እንደሚፈጥን ስላሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።