ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ደረትህስ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሰው ፊት እየያዘ ያሳፍርሃል? የተከራየሃት ክፍል መስኮት ተጠገነ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ አንዲት ነገር ጎርሰህ ትሮጣለህ? እኛ እዚህ በጤና አለን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እሱም ደረጃ ሳይ ነው የሚብሰው። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ ከልቤ እንዳልሆነ ደብዳቤውን ስትጨርስ ይገባሃል።

ስልክ ትቼ ወረቀት የያዝኩት ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ባለፈው ማክሰኞ ስደውልልህ ግማሹን ሳትሰማ ስቀህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደውዬ አላነሳህም። ይኸው መጻሕፍት የሚያመላልስልን ሹፌር ነገ በእናንተ በኩል ስለሚያልፍ በእጅህ ካልሰጠህ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ገጽ እንዳትዘል።

አንገሽግሾኛል ወንድምዬ። ሥራው አንገሽግሾኛል፣ ሰዉ አንገሽግሾኛል፣ ራሴንም ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ቤተ መጻሕፍታችንን አሁን ብታየው አታውቀውም። ያ ሰው ኮቴውን አጥፍቶ የሚራመድበት ትልቁ የንባብ አዳራሽ ዛሬ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሆኗል። ተማሪው ይገባና ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሳይሆን ግድግዳው ሥር ሶኬት ፍለጋ ይንከራተታል። ሶኬት ያገኘ እንደ ርስት ይዞት እስኪዘጋ አይነሳም። እኔን የሚጠይቁኝ የዋይፋዩን የይለፍ ቃልና የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ነው። በቀደም ዕለት አንዱን፣ አራተኛ ዓመት ነኝ የሚል ጎረምሳ፣ ወንበሩ ዝቅ ብሎበት አራት ጥራዝ መዝገበ ቃላት ደራርቦ ተቀምጦበት አገኘሁት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው» ብለው፣ «ውይ ይቅርታ፣ የሚጠቀምበት ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ እንዳይመስልህ፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ጥናት የሚሉትም ያው ነው። ጥያቄውን ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ከመጣለት ውስጥ የላይኞቹን ሦስቱን ይገለብጣል፣ በቃ ተመራማሪ ሆነ። ያ የተገለበጠበት ሰውዬ ደግሞ ከማን እንደገለበጠ ማን ይጠይቃል? መጨረሻ ላይ ዋቢ ብለው የሚደረድሩት መጽሐፍ ግማሹ እኔ ጋ ምድር ቤት ተቀምጧል። አቧራው ላይ የሰው ጣት አርፎ አያውቅም።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት ዝምተኛ ተማሪ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ ጉድጓድ ውሃ ነው የምትሠራው። መምህሯ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴትዮ፣ «የጠቀስሽውን መጽሐፍ ይዘሽ መጥተሽ ካላሳየሽኝ አልፈርምልሽም» ብለው ልከዋት ነው። እሰይ! እንዲህ ያለ ሰው ገና አላለቀም አልኩ በልቤ። መጽሐፉን ከብዙ ዓመት በፊት የጻፈው አንድ የውሃ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ ውሃ በጠርሙስ ሲቀዳና ሲመረምር ኖሮ ያየውን ነው ያሰፈረው። ልጅቱ የፈለገችው ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራትን ነበር። እዚያ ላይ «ክዳን ያለው የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ቢጠጣ ጉዳት የለውም» ይላል ተብሎ ሁሉም ይጠቅሰዋል።

ከካርድ መሳቢያው ቁጥሩን አወጣሁና ጉልበቴን እየረገምኩ ወረድኩ። መጽሐፉ ቦታው ላይ አለ። ከኋላ የተለጠፈችው የውሰት ካርድ ግን ባዶ ናት፤ አንድ ፊርማ፣ አንድ ቀን የለባትም። እሱስ ይሁን። ድሮ አንዳንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ወረቀቱ እንደታጠፈ፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ ነበር የሚመጣው፤ አንባቢው ራሱ በቢላ እየከፈተ ነው የሚያነበው። ይሄም እንደዚያ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቅጠል አልተከፈተም። ሌላ ቅጂ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አጣሁ፤ ኢንተርኔት ላይም የለም። ከልጅቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በማስመሪያ ቀስ እያልን ከፈትነው። መጨረሻ ላይ ስንደርስ ቁጥሩ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት የሚባል ገጽ የለውም!

«ምናልባት ተቀዶ ይሆን፣ እትዬ?» አለችኝ። ያልተከፈተ መጽሐፍ ማን ይቀደዋል? ምስኪን። ተቀምጠን አነበብነው። ስለ ክዳን የሚያወራው ገጽ ዘጠና አንድ ላይ ነው፤ የሚለውም ተቃራኒውን ነው። ሰውዬው ክዳን ካላቸው ሠላሳ አንድ ጉድጓዶች የአሥራ ዘጠኙን ውሃ ቆሽሾ አግኝቶታል። «ክዳኑ ሰውን ያዘናጋል እንጂ ውሃውን አያጸዳም፤ ሁሉም ይፈላ» ብሎ ነው የጻፈው።

ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። ሐቁን ልንገርህ፣ እሱን አልሰድበውም። ያንን ገጽ የጠቀሱትን ጽሑፎች ያለ ጸሐፊ ስም፣ የጠቀሱበትን መስመርና የተቋማቸውን ስም ብቻ እያወጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰብስቦ ሰጠኝ፤ በካርድ ቢሆን ዕድሜዬ አይበቃም። አርባ አንድ ናቸው። አርባ አንዱም «ገጽ 214» ይላሉ። የመጀመሪያው ሰው ተሳስቶ ይሁን ፈጥሮ እግዜር ይወቀው። የቀሩት አርባዎቹ ግን አንዱ ከአንዱ ገልብጠው ሲያበቁ፣ ሁሉም መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ያነበቡ መስለው የግርጌ ማስታወሻ አስቀመጡ። «እኔ ከእገሌ ነው ያገኘሁት» ያለ አንድ ሰው እንኳ የለም። አንዱ ያላመጠውን ሌላው ተቀብሎ ሲያላምጥ ማየት ነው የሆነብኝ።

ከአርባ አንዱ ሁለቱ ላይ የግቢያችንን ስም አይቼ ብከፍታቸው የጻፋቸው እዚሁ እኛው ጋ ያለ አስተማሪ ነው። ያለዚያች ቃል አፉን ስለማይከፍት ሰው ሁሉ «እንደሚታወቀው» ብሎ ነው የሚጠራው። መጽሐፉን ታቅፌ ቢሮው ሄድኩ። ብስኩት እየበላ ነበር። «እንደሚታወቀው ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠቅሰው፤ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። ገጹ እኮ የለም ብለው «ዋናው ሐሳቡ ነው» አለ። ሐሳቡም የለም፣ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የሚለው ስለው ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጺሙ ላይ ያለውን የብስኩት ፍርፋሪ ጠርጎ መጽሐፉ ላይ አራገፈው። ኤዲያ! ፍርፋሪውን አራግፌ መጽሐፉን መልሼ ታቅፌ ወጣሁ።

ግን እኔስ? ስንት ዓመት ሙሉ ሰው መጥቶ ምድር ቤት ያለ መጽሐፍ ሲጠይቀኝ «ኦንላይን አታየውም?» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ለምን? ደረጃው ስለሚያመኝ። ምናልባት ከአርባ አንዱ አንዱ እኔ ፊት ቆሞ ነበር።

መምህሯ ነገሩን ስብሰባ ላይ አነሱትና የምርምር ቢሮው የአርባ አንዱም ጽሑፎች ዝርዝር ከነጸሐፊዎቻቸው ስም ተዘጋጅቶ ለየተቋማቸው ይላክ አለ። አለቃችን «መጽሐፉን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብሎ እኔ ላይ ጣለው። እኔም እያንዳንዱን ጽሑፍ ከፍቼ፣ መስመሩን በዓይኔ አይቼ ካልሆነ አንድ ስም አልመዘግብም ብዬ ከአሮጌዎቹ ጀመርኩ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ልምጣ። እማዬ «የልጄን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል አሳትሚልኝ» እያለች ስትነዘንዘኝ መክረሟን ታውቃለህ። አሳትሜ፣ አስጠርዤ ሰጠኋት። እኔ ከምስጋናው አላለፍኩም፤ «መጽሐፍ ማንበብ ያስተማረችኝን እህቴን» የሚለው ላይ ስደርስ እንባዬ መጣና ዘጋሁት። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች፣ በቀን ሁለት ሁለት ገጽ ታነባለች። ያልገባትን ትዘላለች እንዳትል፤ ያልገባትን ሁለቴ ነው የምታነበው።

ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ የውሃ ማፍያው ድስት ታጥቦ ተደፍቷል። ልጄ ከጓሮው ጉድጓድ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ትጠጣለች። «እማዬ፣ ይሄ ውሃ ፈልቷል?» አልኳት። ፊቷ በደስታ በርቶ «ከእንግዲህ ጋዝ ማባከን ቀረ» አለችኝ። «ወንድምሽ አጥንቶታል እኮ። ክዳን ካለው ምንም አይልም፤ ገጹን ጠቅሶ ነው የጻፈው።» ጥራዙን አምጥታ ስልሳ ሦስተኛውን ገጽ ከፈተችልኝ። በእርሳስ አስምራበታለች። ታች የግርጌ ማስታወሻው ላይ፣ ገጽ 214።

አፈር ስሆን፣ አንተ ነህ! ከአርባ አንዱ አንዱ አንተ ነህ። ከአሮጌዎቹ ስለጀመርኩ ያንተ ዘመን ላይ ገና አልደረስኩም ነበር፤ እማዬ ቀደመችኝ። በማግስቱ ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «እታለም ደግሞ! ሁሉም እኮ እንደዚያ ነው የሚጠቅሰው።» ቃል በቃል! የብስኩቱ ፍርፋሪ ብቻ ነው የጎደለህ። ከዚያ ሳቅህ መጣ፣ ከዚያ «ስብሰባ አለኝ» አልክ። ስለ እማዬ ልነግርህ ስል ነው የዘጋኸው።

ቀፈፍከኝ ወንድሜ። ይሄን ቃል ለአንተ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። ትንሽ ሳለህ ደክሞኝ አንድ ገጽ ብዘልብህ «ዘለልሽ! መልሺ!» ብለህ ቤቱን የምታደበላልቀው አንተ አልነበርክም? መጽሐፉ እኮ እኔ ጋ ነው ያለው! እህትህ የምትሠራበት ምድር ቤት ውስጥ! አንድ ጊዜ ብትደውልልኝ ወርጄ አላይልህም ነበር? ለአንተ ስል ጉልበቴ ቢነቀልም እወርድ ነበር።

ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት። መጽሐፉን ቤት ድረስ አምጥቼ ገጽ ዘጠና አንድን አነበብኩላት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ልጄ ሳያይ አይጽፍም። አንቺ ቀንተሽበት ነው።» ቀንተሽ! ባሌ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ ግን እሱም አልሳቀም። አሁን ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ደብቄ አፈላና ማሰሮው ውስጥ እገለብጣለሁ። ልጄንም ከዚያ ሌላ እንዳትነካ አስጠንቅቄያታለሁ። ከሰዓት በኋላ ማሰሮው ሲጎድል ግን እማዬ ራሷ ወጥታ ከጉድጓዱ ትቀዳለች። ከትናንት ወዲያ ሆዷን ቁርጠት ይዟት ዋለ። «የበላሁት ነው» አለች። እኔ የበላሁትን ነው የበላችው፤ እኔን ምንም አላለኝም።

ዝርዝሩ የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ዓርብ ይሄዳል። ስምህን ዘልዬ ልልከው እችል ነበር፤ አርባ ብዬ ብጽፍ ማን ይቆጥርብኛል? ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት፣ አልዋሽህም። ከዚያ ጻፍኩት። ሃያ ዘጠነኛው አንተ ነህ፣ በገዛ እጄ ጽፌሃለሁ። የማስተማር ቅጥርህ ገና እንዳልጸደቀ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ሳይደርስ አንተ ቀድመህ ለአማካሪህ ንገራቸው። ይማሩህ አይማሩህ አላውቅም። ገጽ ዘጠና አንድን ከፊትና ከኋላው ካሉት ገጾች ጋር በእጄ ገልብጬ አያይዤልሃለሁ። ፎቶ ማንሳት አቅቶኝ አይደለም፤ እያንዳንዷን ቃል አይቼ እንደጻፍኳት እንድታውቅ ብዬ ነው።

ይሄ ሊቆይ ይችላል። የእማዬ ነገር ግን አይቆይም። ደብዳቤውን እንዳስቀመጥክ ደውልላት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። «ሳላይ ነው የጻፍኩት፣ ውሃውን አፍዪ» በላት። እኔን አላመነችኝም፣ መጽሐፉንም አላመነችውም። የምታምነው አንተን ብቻ ነው።

ባሌ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ተቆጥተሽ ብዙ እንዳትጽፊ ብሎኝ ነበር። አክስታችን «ጉንፋን እንዳይዘው አንገቱን ይሸፍን» ብላሃለች። ልጄ ጥርሷ ወልቆ የሳቀችበትን ሥዕል ልካልሃለች፤ የት እንደምትሰቅለው ንገራት። እማዬ እየጻፍኩልህ መሆኑን አይታ ብርጭቆዋን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣለች። ግንባርህን ስማሃለች። «ልክ እሱ እንደጻፈው እየጠጣሁ ነው በይልኝ» ብላሃለች።

ከቤታችን፣ ከጓሮው በረንዳ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን