ሊሰም የሚለው ቃል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.፤ ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ታናሽ እህቴን ሂሩትን ከቤቴ ያስወጣኋት በአረማመዷ ምክንያት ነው። በሳሎኑ ባለፈች ቁጥር የባለቤቴ ዓይን ይከተላት ነበር። እሷ ምንም አላደረገችም። እኔ ግን «ቤቱ ጠበበን» ብዬ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጥኩላት። ለእሱ «ራሷ ናት የሄደችው» አልኩት። እሱም ሞተ፤ እሷንም ባለፈው ሳምንት ቀበርናት።

ዛሬ ልጇ ቤቲ ከከተማው ማዶ ካለው ሰፈሯ ከኪሌሌሽዋ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«አክስቴ፣ ዲክሽነሪ ስትበዪ ነው የምትውዪው አሉ። በእንግሊዝኛ ሊሰም ማለት ምንድን ነው? በቀብሩ ላይ የማሚ አለቃ እንደዛ ሲላት ሰምቻለሁ።»

«ሰውነቱ እንደ ልብ የሚታዘዝለት፣ አካሄዱ የሚያምር ማለት ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ገባኝ። አንቺ እንደዛ ስላልሆንሽ ነዋ የጠላሻት።»

«ውጪልኝ!» አልኳት። እናቷን ባስወጣሁበት በር ወጣች።

ያልነገርኳት ነገር አለ። መዝገበ ቃላቱ ሊሰም የመጣው ላይዝ ከሚል ቃል ነው ይላል። እሱም በጥንቱ እንግሊዝኛ ገር፣ ለስላሳ ማለት ነበር። እኔ የሂሩትን አረማመድ ዕድሜዬን ሙሉ ትዕቢት ነው ስል ኖሬያለሁ። ገርነት ነበር። ይህን እያወቅሁ ለልጇ መናገር አልፈለግሁም፤ ለዚያ ስድ ምላሷ ሽልማት መስጠት መሰለኝ።

አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገ እነዚህን ገጾች ከማስታወሻ ደብተሬ ቀድጄ እልካለሁ። ለቤቲ ናቸው። አንብባ እንደፈለገች ትጥላኝ።